ሰባት መሳቢያ፣ አንድ መስተዋት

ሐሙስ፣ ጥር 5 ቀን 2003 ዓ.ም.

ጠዋት የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባሁት። አይጮህም ነበር፤ ቢሆንም ቀባሁት። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ከአራት ወር። ቤት ውስጥ ያልጠገንኩት ነገር የለም። አንዳንዱን ሁለት ጊዜ...

ከሰዓት በኋላ ሞረድ ልዋስ ጓደኛዬ ዘይኑዲን ቤት ሄድኩ። ጓሮው ውስጥ ዶሮ ተኝታለች። የተኛችበት ነገር ግን ቅርጫት አይደለም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዶሮ።»

«ከሥሯ ያለው!»

«እሱማ ሳጥኔ ነው። የመሣሪያ።»

ዘይኑዲን በእርሻ ልማቱ ጋራዥ ሃያ ስድስት ዓመት ቶርኖ፣ የብረት መቅረጫው ማሽን፣ ላይ የሠራ ሰው ነው። የተሰበረ የትራክተር ዕቃ ሲመጣለት ከድፍን ብረት ልክ እሱን የሚመስል ጠርቦ ያወጣ ነበር። ሳጥኑን አንድ ፈረንጅ መካኒክ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶለት ሄደ። ጋራዡ ሲዘጋ ቤቱ አመጣው። ባለቤቱ መዲና መጀመሪያ በርበሬ አስቀመጠችበት። ቀጥሎ ዶሮ።

መሣሪያዎቹስ? የውፍረት መለኪያው ካሊበርስ? በማዳበሪያ ከረጢት፣ አልጋ ሥር። ማይክሮሜትር በማዳበሪያ ከረጢት! የሚሊሜትር መቶኛ የሚለካ ዕቃ!

«ስጠኝ፤ አድሼ ልመልስልህ» አልኩት።

«ዶሮዋን አስፈቅድ።»

አንድ ወር ጠየቅሁ። የካቲት 5 ቀን አስረክባለሁ።

ዓርብ፣ ጥር 6

ልኬት ወሰድኩ። ርዝመት 61፣ ቁመት 38፣ ወርድ 26 ሴንቲ ሜትር። ሰባት መሳቢያ፦ ስድስቱ ጠባብ፣ በሁለት ረድፍ፤ ከታች አንድ ሰፊ። ከፊት ሰባቱንም የሚሸፍን መዝጊያ አለው። አንዱ አልከፈት ብሏል። እንጨቱ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። የአገራችን አይደለም።

አንዱ መሳቢያ ውስጥ ሁለት እንቁላል አገኘሁ። ወስጄ ለመዲና መለስኩ። «አንዱን ለድካምዎ» ብላ ሰጠችኝ። የተበላሸው ነበር።

ክዳኑን ከውስጥ በኩል ስፍቅ ከኩሱ ሥር መስተዋት ወጣ። የደብተር ገጽ ያህላል። ቶርኖ ሠራተኛ መስተዋት ምን ያደርግለታል? ይጠየቅ።

ቅዳሜ፣ ጥር 7

የዶሮ ኩስ ሙሉ በሙሉ ተወገደ። አሥራ አንድ ጊዜ አነጠሰኝ።

ሰኞ፣ ጥር 9

ስለ መስተዋቱ ጠየቅሁት። ዘይኑዲን ሳቀብኝ።

«ብረት ስትቆርጥ ፍንጣሪው ዓይንህ ውስጥ ይገባል። ማን ያወጣልሃል? በመስተዋቱ እያየህ ራስህ ታወጣለህ። ፀጉር የምናበጥርበት መሰለህ?»

መሳቢያዎቹ ውስጥ ድሮ አረንጓዴ ከፋይ ተነጥፎ ነበር አለኝ፤ መሣሪያው እንዳይፋተግ። «ማይክሮሜትር እንደ ሕፃን ነው የሚተኛው፣ ወላሂ።» ይህን የሚለው ሃያ ዓመት በከረጢት ያስተኛ ሰው ነው።

አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ። «የማን እንደሆነ ለማንም አትንገር። ዘይኑዲን መሣሪያ አለው ከተባለ የቆቦ ጋራዥ በሙሉ ሊዋስ ይመጣል።» ቃል ሰጠሁ።

የሥራ ቅደም ተከተል አወጣሁ። መፋቅ፣ በኮላ ማጣበቅ፣ ቫርኒሽ፣ መጨረሻ ላይ ከፋይ። ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

ሐሙስ፣ ጥር 12

ጥምቀት አለፈ። ሳጥኑን በረንዳ ላይ አውጥቼ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ጀመርኩ። ከጥቁሩ ሥር ቀይ ዳማ እንጨት ወጣ። ያምራል። ማን ያስብ ነበር?

ጎረቤቴ እናትነሽ ወንፊት ልትዋስ መጣች።

«መምህር! ሳጥን!»

«አዎ።»

«መስተዋት አለው!»

«አለው።»

«ለማን ነው?»

ቃል ሰጥቻለሁ። «ባለቤት አለው። እስኪያልቅ ግን ባይወራ ይሻላል» አልኳት።

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እሰይ! ኧረ ጊዜው ነበር!»

«ነበር እንጂ። ስንት ዘመን ዶሮ ተኝቶበት!»

ወንፊቱን ሳትወስድ ሄደች። ስለ እንጨት ሥራ ይህን ያህል ግድ የሚላት አይመስለኝም ነበር።

ሰኞ፣ ጥር 16

ዘይኑዲን ሥራውን ሊያይ መጣ። ተጣላን።

«ሦስተኛው መሳቢያ የካሊበሩ ነው» አለኝ። ሦስተኛውን አወጣሁለት። «ይሄ አይደለም!» እኔ ከታች ነው የምቆጥረው። እሱ ከላይ።

«ፎቅ ከላይ ነው የሚቆጠረው?» አልኩት።

«መጽሐፍ ከታች ነው የሚነበበው?» አለኝ።

ግማሽ ቀን ሄደ። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ መሳቢያ ጀርባ ላይ ሁለቱንም ቁጥር በእርሳስ ጻፍኩ። የኔን በትልቁ።

እሱ ከሄደ በኋላ አልከፈት ያለው መሳቢያ ተከፈተ። ያገኘሁት፦ በርበሬ። ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። በካቻቢቴ ስፈነቅለው ዓይኔ ውስጥ ገባ። መስተዋቱ ጠቀመኝ። እውነትም ራስህ ታወጣለህ።

ረቡዕ፣ ጥር 18

ከፋይ ፍለጋ ወይዘሮ ወይንሸት ስፌት ቤት ሄድኩ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለችው። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፣ ከሞተ ስምንት ዓመት ይሆነዋል። ከዚህ በፊት ሱሪ አሳጥራልኝ ታውቃለች። ከዚያ ያለፈ ትውውቅ የለንም።

«አረንጓዴ ከፋይ ይኖርዎታል?»

«ለምን?»

«ለመሳቢያ። ከውስጥ የሚነጠፍ።»

«ምን ሊተኛበት?»

«ብረት።»

የስፌት መኪናዋን አቆመች። «ብረት፣ በከፋይ ላይ?» ትንሽ አየችኝ። ከዚያ «ልኬቱን ያምጡ» አለች።

ይዤ ነበር። በሰንጠረዥ፣ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ። መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። እንዲህ አንብቦልኝ የሚያውቅ ተማሪ የለም።

«በሚሊሜትር ነው» አለች።

«አዎ።»

«መምህር፣ ከፋይ ሚሊሜትር አያውቅም። ይስባል። ትንሽ አስተርፌ ልቁረጥና እዚያው ይከርክሙት።»

ትክክል ናት። አላሰብኩትም! ከዚያ ጨርቁን ዘረጋችና ጠመኔ አነሣች። ያለ ማስመሪያ፣ አንድ ክንድ የሚያህል መስመር ሳበች። ቀጥ ያለ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ጠመኔ ይዤ አንድ ቀን እንዲህ ያለ መስመር በባዶ እጄ አላሰመርኩም። ቤት ስገባም መስመሩን አስብ ነበር። ስለ መስመር ይህን ያህል ማሰብ...

ዓርብ፣ ጥር 20

ቫርኒሽ፣ የመጀመሪያው ሽፋን። ችግር። የማሽላ ውቂያ ሰሞን ነው፤ ነፋሱ ገለባውን ከየአውድማው ያመጣል። በአስፋልቱ የሚያልፈው ከባድ መኪና ደግሞ አቧራውን። በሩብ ሰዓት ውስጥ ሳጥኑ ፂም አበቀለ።

መፍትሔ፦ የአልጋዬን አጎበር ፈትቼ በረንዳው ጣሪያ ላይ ሰቀልኩና ሳጥኑን ከሥሩ አስገባሁት። ነጭ ነው፣ አዲስ፣ ጤና ጣቢያ ያደለን። እስከ መሬት ይወርዳል። አንድ ገለባ አልገባም! ወባ ቢይዘኝ ለቫርኒሽ ነው።

በመንገድ የሚያልፉ ሴቶች ቆመው እልል አሉ። ለማን እንደሆነ አላወቅሁም። ዞሬ ባይ ሙሽራ የለም። የሠርግ ወር ነው፣ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ጥር 21

ወይንሸት ጋ ሄድኩ። ምክንያት፦ የአንዱ መሳቢያ ከፋይ ሁለት ሚሊሜትር አጠረ።

ማክሰኞ፣ ጥር 24

ወይንሸት ጋ ሄድኩ። ምክንያት፦ የሌላው ረዘመ። (እዚህም ልከረክመው እችል ነበር። መቀሴ ግን ዶልዱሟል።) ስትሠራ ታንጎራጉራለች። ዜማውን አላወቅሁትም። መርፌው ክር ሲበጥስባት ዜማውም ይቆማል፤ ስትቀጥለው ካቆመበት ይቀጥላል። ከመጀመሪያው አትጀምርም። ሥርዓት ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 28

ወይንሸት ጋ ሄድኩ። ምክንያት፦ ሁሉም ልክ ሆኗል። ልክ መሆኑን ልነግራት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 1

አቶ ሙላትን አገኘኋቸው። የድሮ ርእሰ መምህሬ። በምርኩዛቸው ከሩቅ ጠሩኝ።

«ጌታሁን! ሰማሁ። ደስ ብሎኛል።»

ሳጥኑን መሆኑ ነው። ወሬ እንዴት ይሮጣል! «ገና አላለቀም» አልኳቸው።

«ከጾሙ በፊት ነው?»

«ከጾሙ በፊት መጨረስ አለብኝ። ቀን ቆርጫለሁ።»

«መቸኮሉ ጥሩ ነው፣ በዚህ ዕድሜ።»

«ቫርኒሹ ነው ያዘገየኝ።»

አቶ ሙላት ምርኩዛቸውን አነሡ። «እሱስ ሁላችንንም ያዘገየናል» ብለውኝ ሄዱ።

ምን ማለታቸው ነው?

ቅዳሜ፣ የካቲት 5

የማስረከቢያ ቀን። አላስረከብኩም። ሦስተኛው ሽፋን ይጣበቃል። በሕይወቴ የፈተና ውጤት አዘግይቼ አላውቅም ነበር።

ልጄ ኤሌኒ ከደሴ ደወለች።

«አባ፣ ከሰው ነው የምሰማው?»

«ምኑን?»

«የወይዘሮ ወይንሸትን ነገር።»

«ወይንሸት ምን ሆነች?» አልኩ። ታማ መስሎኝ ነበር።

ስትነግረኝ ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ። መስተዋት ያለው ሳጥን። ከፋይ። ነጭ አጎበር። ባልቴት ቤት ምልልስ... ከተማው ድሮ ጨርሶኛል! ለካ እናትነሽ! ለካ እልልታው! በእኛ አገር ለሙሽራ የሚሄድ ሳጥን መስተዋት አለው፤ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። እኔ ራሴ ለኤሌኒ እናት የወሰድኩት ሳጥን መስተዋት ነበረው። እሷ ካረፈች ስድስት ዓመት። እንዴት ሳላስበው ቀረሁ?

«ሐሰት ነው። ሳጥኑ የሌላ ሰው ነው» አልኳት።

«ታዲያ ምን ሆነች ስትል ድምፅህ ለምን ተንቀጠቀጠ?»

ካርድ ሊያልቅብኝ ነው ብዬ ዘጋሁት። የደወለችው እሷ ናት።

እሑድ፣ የካቲት 6

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሦስት ሰዎች በረንዳዬ ላይ ቆመዋል። አበባው፣ የወይንሸት ታናሽ ወንድም፣ የእህል ነጋዴው። አቶ ሙላት። እና... ዘይኑዲን!

«ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አለ አበባው። «መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም።»

አበባውን በ1978 ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። አልጀብራ አይገባውም ነበር። ዛሬ ግን አንድ በአንድ አስረዳኝ።

«መምህር፣ የእህቴ ስም ከሮቢት እስከ ጎብዬ ይነሣል። ሳጥኑ በአደባባይ ይወለወላል። አጎበር ተሰቅሎለታል። ሽማግሌ ግን የለም! ሳጥን ከሽማግሌ ቀድሞ አይተው ያውቃሉ?»

ወደ ዘይኑዲን ዞርኩ። «አንተ ተናገር እንጂ!»

«እኔ ለሽምግልና ነው የተጠራሁት» አለ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ። «ለምስክርነት አልተጠራሁም።»

ቃል ሰጥቻለሁ። ቃል የሰጠሁት ሰው ፊቴ ቆሟል። ዝም ማለቴን በሌላ ተረጎሙት።

ፀሐዩ ያቃጥላል። አቶ ሙላት በሁለት እጃቸው ምርኩዛቸው ላይ ተደገፉ። «ጌታሁን፣ በእግዚአብሔር፣ አንድ ነገር መልስና ልቀመጥ» አሉ።

አበባው ቀን ቆረጠልኝ። በስምንት ቀን ውስጥ ወይ ሽማግሌ እልካለሁ፣ ወይ ሳጥኑ ለእህቱ እንዳልሆነ በገበያ ቀን በሰው ፊት እናገራለሁ።

«እሺ» አልኩ። ለየትኛው እሺ እንዳልኩ አልጠየቁኝም። ተቀመጡ። ውኃ ጠጡ። አበባው ሲወጣ ክዳኑን ከፍቶ መስተዋቱን አየና «ያምራል ግን» አለ፣ በቁጣ።

ሰኞ፣ የካቲት 7

እውነቱን ለወይንሸት ልነግራት ሄድኩ። የዘይኑዲንን ስም ሳላነሣ። የምናገረውን በሦስት ነጥብ ጽፌ ኪሴ ከትቼ ነበር። አንደኛ፣ ሳጥኑ የመሣሪያ ነው። ሁለተኛ፣ መስተዋቱ ለዓይን ነው። ሦስተኛ፣ ይቅርታ።

መኪናዋን ሳታቆም ሰማችኝ። ስጨርስ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«የቶርኖ ሳጥን መሆኑን። ባለቤቴ ሾፌር ነበር መምህር፤ ዕድሜዬን ጋራዥ ደጅ ቆሜ ነው የጠበቅሁት። ልኬቱን ሲያሳዩኝ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ሰው ሲያወራ ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? የመጀመሪያው ቀን ለሳጥኑ ነው። ሁለተኛውም ይሁን። ሦስተኛው ቀን መቀስ ዶለዶመብኝ አሉ፤ እሺ። አራተኛው ለምን ነበር?»

ወረቀቴ ላይ አራተኛ ነጥብ የለም። «ደህና ይዋሉ» ብዬ ወጣሁ። ጃኬቴን ረስቼ ተመለስኩ። እንደገና «ደህና ይዋሉ» አልኩ።

አራተኛው ለምን ነበር?

ማክሰኞ፣ የካቲት 8

ሰፊው መሳቢያ በትክክል ገጠመ። ደስ አላለኝም።

ረቡዕ፣ የካቲት 9

ሽማግሌ መላክ የሌለብኝ ምክንያት፦ አንደኛ፣ ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ሁለተኛ፣ ዕቃ ከቦታው ሲነሣ አልወድም። ሦስተኛ፣ ስትሠራ ታንጎራጉራለች።

መላክ ያለብኝ ምክንያት፦ ስትሠራ ታንጎራጉራለች።

ሦስት ለአንድ። ደጋግሜ አየሁት። ቆጠራው ትክክል ነው፤ ውጤቱ ግን ስሕተት ነው። የት ላይ እንደተሳሳትኩ አላገኘሁትም።

ሐሙስ፣ የካቲት 10

እምቢ ብትልስ? በገበያው መሀል ተሳስታችኋል ብዬ ብናገር ይስቁብኛል፣ ያልፋል። ልኬ እምቢ ብትል ግን... አይስቁም። ያዝኑልኛል። ያ ነው የሚከፋው።

ደግሞ አልልክም ብዬ እሷን በገበያ ፊት «አይደለችም» ማለት? በዚህ አፍ?

ዓርብ፣ የካቲት 11

ዘይኑዲን ቤት። መጀመሪያ ልቆጣው ነው የሄድኩት።

«አንድ ቃል ብትናገር እኮ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር!»

«ያልቅ ነበር» አለ። «እንዲያልቅ ነበር የፈለግከው?»

ወደ ዶሮዋ ዞርኩ። አዲስ ቅርጫት ተሰጥቷታል። አልወደደችውም።

«ሂድልኝ» አልኩት በመጨረሻ።

«የት?»

«ታውቃለህ የት እንደሆነ።»

«ያ ረቢ! ለእሷ ቆሜ እግሬ ገና አልዳነም፤ አሁን ደግሞ ለአንተ ልቁም?» ይህን እያለ ነጠላውን ይፈልግ ነበር።

እሑድ፣ የካቲት 13

ዘይኑዲንና አቶ ሙላት ሄዱ። በረንዳ ላይ ጠበቅኋቸው። ለሁለት ሰዓት አንድ ብሎን አጠበቅሁ።

«ቆምን» አለ ዘይኑዲን። «መኪናዋን አቆመች። 'ያን ጊዜ ሳገባ አባቴ ነው የመለሰልኝ፣ እኔን የጠየቀኝ የለም። አሁን የምመልሰው እኔ ነኝ፤ ላስብበት። ፋሲካ ሲያልፍ ኑ' አለች።»

«ፊቷስ?»

«ፊት አላት።»

«ዘይኑዲን!»

«ቶርኖ ሠራተኛ ነኝ እንጂ ፊት አነብባለሁ እንዴ? ከዚያ ወንበር ሰጠችን። የኔው ይንቀጠቀጣል።»

ፋሲካ ሚያዝያ 16። ቆጠርኩ። ስድሳ ሦስት ቀን።

ሰኞ፣ የካቲት 21

ጾም ገባ። መልስ የሚጠብቅ ሰው በስፌት ቤቱ ደጅ ቢያልፍ ደግ አይደለም። በአስፋልቱ ዞሬ ሄድኩ። ዳቦ ለመግዛት አርባ ደቂቃ።

እሑድ፣ መጋቢት 4

ሳጥኑን ለዘይኑዲን አስረከብኩ። ሃያ ዘጠኝ ቀን ዘግይቶ። ምክንያቱን በጽሑፍ አያይዤ ነበር፤ አላነበበውም። መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ሳበ፣ መለሰ። ሳበ፣ መለሰ። ድምፅ የላቸውም። ካሊበሩን ከፋዩ ላይ አስተኝቶ ክዳኑን ዘጋ። ስንወጣ መዲና «ዶሮዋ ግን ቤቷን አጣች» አለች።

አሁን ወደ ወይንሸት የሚያስኬድ ምክንያት የለኝም። አንድ ሚሊሜትር እንኳ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 22

የሚጠገን ነገር ፈለግሁ። የለም። ደህና የነበረውን የጠረጴዛ እግር ነቅዬ መልሼ ገጠምኩት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 8

ከሩቅ አየኋት። አስፋልቱን ስትሻገር። ጥላ ይዛለች። አየችኝ መሰለኝ። አላየችኝም ይሆናል። አይታኛለች።

እሑድ፣ ሚያዝያ 16

ፋሲካ። ኤሌኒ ከደሴ መጣች። ዶሮ ወጥ በላሁ። ጣዕሙን አላስታውስም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 18

መልሱ መጣ። ሦስቱም መጡ፤ አበባው ከፊት፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ።

«እሺ ብላለች» አለ ዘይኑዲን።

«ምን እሺ ትላለች!» አለ አበባው። «ሙሉውን ንገረው!»

ሙሉው ይህ ነው። እሺ ብላለች። ግን ቤቷን ለቃ አትመጣም። መኪናዋ እዚያ ነው፣ ደንበኞቿ እዚያ ናቸው፣ ብርሃኑም ከምሥራቅ ይገባላታል። «ሰውየው ይምጣ» ብላለች።

«ወንድ ይዳራል እንዴ?» አበባው ለጣሪያው ጮኸ። «መምህር፣ እርስዎስ ምን ይላሉ? ምን ይሉናል? ወንድ ልጅ ሴት ቤት ገባ!»

ኤሌኒ ጓዳ ውስጥ ሆና ስትስቅ ይሰማኛል።

«ነገ እመልሳለሁ» አልኩ። አቶ ሙላት ዛሬ መጀመሪያውኑ ተቀምጠው ነበር።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 19

ይህን ቤት የሠራሁት ራሴ ነኝ። የእያንዳንዱን ምስማር ቦታ አውቃለሁ። ሁሉ ነገር በቦታው ነው። ሁሉም ይከፈታል፣ ሁሉም ይዘጋል። ከዚህ ወጥቶ ሰው ቤት መግባት? በስድሳ ሁለት ዓመት? በመናኸሪያ ሰው ፊት?

የእሷ ቤት... የቀኙ መስኮት አይገጥምም። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጣት የሚያሾልክ ክፍተት አለው። የክር መደርደሪያዋ ወደ ግራ አዘንብሏል። ከወንበሮቿ አንዱ ይንቀጠቀጣል፤ ዘይኑዲን መስክሯል። የጠረጴዛዋ መሳቢያ ደግሞ በእርግጫ ነው የሚዘጋው።

የሁለት ዓመት ሥራ አለ። ምናልባት የሦስት።

ከምሳ በፊት ኤሌኒን ላክኋት። «እሺ በያት።»

«ሌላ ነገርስ?»

«መስኮቱን ማንም እንዳይነካው።»

ማክሰኞ፣ ግንቦት 9

እሑድ ተጋባን። ከቁርባን መልስ ምሳ፣ ጥቂት ሰው። ኤሌኒ ለሚያገኛት ሁሉ «አባቴን ልድር መጣሁ» ስትል ከረመች።

ከምሳ በኋላ ልብሴን በሻንጣ፣ መጻሕፍቴን በካርቶን አድርጌ ባጃጅ ስጠብቅ የፈረስ ጋሪ ደጄ ቆመ። ላዩ ላይ ዘይኑዲን። ከጎኑ ሳጥኑ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ከቤቱ የሚወጣው ማነው? አንተ። ስለዚህ ሙሽሪት አንተ ነህ። ሙሽሪት ባዶ እጇን ትሄዳለች?»

«መሣሪያዎችህስ?»

«ከረጢታቸው ናፍቋቸዋል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ጌታሁን። ማይክሮሜትር የሚይዝ እጅ የለኝም። ዘግቼ የማየው ሳጥን ምን ያደርግልኛል? የሚከፈትበት ቤት ይግባ።»

አልተከራከርኩም። ጋሪው ላይ ወጣሁ። ሳጥኑ በሁለታችን መሀል።

እናትነሽ እልልታዋን ለቀቀችው፤ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከተለን። አበባው ከጋሪው ኋላ በእግሩ፣ ባርኔጣውን ዓይኑ ድረስ ደፍቶ። መናኸሪያው ጋ አንድ የሚኒባስ ሾፌር አንገቱን አወጣ።

«ሙሽሪት የታለች?»

«ይቻትና!» አለ ዘይኑዲን ወደ እኔ እየጠቆመ።

ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። የቆሙት መኪኖች ሁሉ ነፉ። አበባው ባርኔጣውን አነሣ። መጀመሪያ ያለቀሰ መስሎኝ ነበር፤ ሲስቅ ነው። በራፉ ላይ ወይንሸት ቆማ ነበር። ሳጥኑን አየች፣ እኔን አየች። «ሁለቱም ይግቡ» አለች።

ትናንት ወንበሩን ጠገንኩ። መስኮቱ ገና ነው፤ አልቸኩልም።

መሳቢያዎቹን ተከፋፍለናል። አምስቱ የእሷ ናቸው፦ ክር፣ መርፌ፣ ዚፕ፣ ጠመኔ፣ ጥብጣብ። ከላይ ነው የምትቆጥረው። ምንም አላልኩም። ለእኔ ሁለት ደረሰኝ። በአንዱ መነጽሬና እርሳሴ፣ በሌላው ይህ ደብተር። የፊቱ መዝጊያ ሰባቱንም አንድ ላይ ይቆልፋል፤ ቁልፉ ደግሞ አንድ ነው። እሷው አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። መጻፍ ስፈልግ እጠይቃለሁ።

አሁን ከፍታልኝ አጠገቤ ቆመች።

«ሁልጊዜ ስለ ምንድን ነው የሚጽፉት?»

«ስለ ሳጥኑ» አልኳት።